የሞተር መጋዝ ማርሚታ ሥራና በደጋ አካባቢ ሊደረግለት የሚገባ ጥንቃቄ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች ባህር ዛፍ ከማገዶነት አልፎ የገንዘብ ምንጭ ከሆነ ብዙ ጊዜው ነው። አጠናና ወራጅ በመጥረቢያ ቆርጦ ለገበያ ማድረስ ቀንና ጉልበት ስለሚፈጅ፣ ከእናንተ መካከል በግልም ሆነ በቡድን የሞተር መጋዝ ገዝታችሁ የራሳችሁን እንጨት የምትቆርጡ፣ ለጎረቤትም በክፍያ የምትሠሩ አላችሁ። የመጋዙ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በሬ ሸጦ የገዛም አለ። ስለዚህ መጋዙ ሲደክም የሚደነግጠው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም ነው።

በየሥልጠናው የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «መጋዙ የሚባለውን ያህል ጉልበት የለውም። ጭሱ በደንብ አይወጣለትም ይሉናል። ማርሚታውን በስተን ብናሰፋለት ይሻለው ይሆን?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳትጠይቁ በስታችሁታል። መልሱ አጭር ነው፤ አትብሱት። ምክንያቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ዛሬ ምክሩን ቢሰማም፣ ነገ ጎረቤቱ በስቶ ድምፁ ሲያይል ሲሰማ ሐሳቡን ይለውጣል።

ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም

ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ የምትስቡበት የቤንዚን ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ የየራሱ መክደኛ ወይም ቫልቭ አለው። ዘይቱም ለብቻው ከታች ይቀመጣል። የሞተር መጋዝ ግን ባለ ሁለት ምት ነው። ቫልቭ የለውም፤ የዘይት ማስቀመጫም የለውም። መጋዙ ቀላል ሆኖ በእጅ የሚያዘው፣ ተገልብጦም ሆነ በጎን ዞሮ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ልክ ግን ስህተትን የማይችል ሞተር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ፒስተኑ ሲወርድ መጀመሪያ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ የተቃጠለው ጋዝ በኃይል ይወጣል። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ የማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ከፒስተኑ በታች ተጨምቆ የቆየው አዲስ የቤንዚን፣ የዘይትና የአየር ድብልቅ ወደ ላይ ይገባል። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ የጭስ መውጫው አሁንም ክፍት ነው። አዲሱ ድብልቅ አሮጌውን ጭስ እየገፋ ያስወጣል፤ ራሱም የተወሰነው ክፍል ሳይቃጠል አብሮ ያመልጣል።

ጭስ የሞላበት ጎጆ ስታናፍሱ የሚሆነውን አስቡ። በሩንም መስኮቱንም በመጠኑ ስትከፍቱ ነፋሱ ጭሱን ይዞ ይወጣል፤ ቤቱም ሙቀቱን አያጣም። የጓሮውን ግድግዳ ብታፈርሱት ጭሱ ይወጣል፤ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። መውጫው ሁሉ ቢዘጋ ደግሞ ጭሱ ተመልሶ ያፍናችኋል። የማርሚታ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ መጠበቅ ነው። የሳጥኑ ስፋትና የመውጫው ቀዳዳ መጠን ያለ ምክንያት አልተመረጠም።

ሌላም ነገር አለ። ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶው ሲመልስለት ይሰማል። ከሲሊንደሩ በኃይል የወጣው ጭስም እንዲሁ የግፊት ማዕበል ይፈጥራል፤ ማዕበሉ ከማርሚታው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። በሰዓቱ ከተመለሰ፣ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ይህን እስከ ጥግ የተጠቀመበት ዋልተር ካደን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነው። ኤም ዜድ በተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ እየሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክሎችን የጭስ ማውጫ ቱቦ መሐሉ እንዲሰፋ፣ ወደ ጫፉ እንዲጠብ አድርጎ አሻሻለው። በ1961 ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በእጃችሁ ያለው 50 ሲሲ ገደማ የሆነ መጋዝ የሚሰጠው ከ3 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ነው።

እንዲህ ያለ ቱቦ ግን ረጅም ነው፤ የሚጠቅመውም በጠባብ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ለተሸካሚው የማይመች ስለሆነ ለመጋዝ አይሆንም። ስለዚህ የመጋዝ አምራቾች ትንሽ ሳጥን ይሠራሉ፤ ከጉልበቱም፣ ከነዳጅ ቁጠባውም፣ ከድምፁም፣ ከእሳት መከላከሉም በየልኩ። በማርሚታው መውጫ ላይ ብልጭታ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መጋዞች ማርሚታ ውስጥ ደግሞ ያልተቃጠለውን ቤንዚን የሚያቃጥል ተጨማሪ ክፍል አለ፤ እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ይግላሉ።

ጉልበቱን የወሰደው ማን ነው?

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳባትም ከእርሷ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከሩብ ያላነሰ ይሳሳል። ባቄላና አተር በደጋ ቶሎ እንደማይበስል እናቶች ያውቁታል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩም የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 4 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መጋዝ እኛ ዘንድ 3 ገደማ ቢሰጥ ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት። ጉልበቱን የወሰደው ተራራው ነው፤ ማርሚታው አይደለም። ማርሚታውን በመብሳት የጠፋውን አየር መመለስ አይቻልም።

ከፍታው ሁለተኛ ጣጣም አለው። አብዛኛው የመጋዝ ካርቦራቶር የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም፤ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራቶር ደባርቅ ላይ ሲሠራ አየሩ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ሞተሩ ይንተባተባል። ያልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት ደግሞ ወደ ማርሚታው ገብቶ ጥላሸት ይሆናል።

የታፈነ ማርሚታ

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታየው ችግር የማርሚታ መጥበብ በተፈጥሮው ሳይሆን በጥላሸት መደፈኑ ነው። ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁ። ለችግኝ ጣቢያ ሥራ የምንጠቀምበት መጋዝ ከዕለት ወደ ዕለት ደከመ። ያለ ጭነት በደንብ ይነሳል፣ እንጨት ሲነካ ግን ያንቀላፋል። የካርቦራቶሩን ቪቶች ስንጠመዝዝ፣ የአየር ፊልትሮውን ስናጥብ፣ ካንዴላ ስንቀይር ሁለት ቀን ጠፋ። በመጨረሻ ማርሚታውን የፈታው በሙያው ብዙ የቆየ ቆራጭ ነበር። የብልጭታ ወንፊቱ እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁሮ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ወንፊቱ ሲጸዳ መጋዙ እንደ ድሮው ሠራ። እኛ በግብርና የተመረቅን ሰዎች ስለ ሞተር ብዙ አልተማርንም፤ ይህን ያስተማረኝ ያ ቆራጭ ነው።

የታፈነ ማርሚታ ሞተሩን የሚያደክመው እንዲህ ነው። አሮጌው ጭስ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ድብልቅ ቦታ ስለሚያጣ በልኩ አይገባም። ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ቃታው ሙሉ በሙሉ ተስቦም ፍጥነት አይጨምርም። አንዳንዴ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይሠራና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል።

ጥላሸት የሚያበዛው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ዘይት ነው። የመጋዝ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል «ለሞተሩ ይበጀዋል» ብሎ በግምት የሚጨምር ሰው ማርሚታውን ይደፍናል። ጥራት ያለው የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከሆነና የመጋዙ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ልኩ 1 ለ50 ነው፤ ይኸውም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር ጀሪካን 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መመሪያው 1 ለ25 ካለ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ለመለኪያ ከመድኃኒት ቤት አዲስ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ ለአንድ ሊትር። የጠርሙስ ክዳንና የአረቄ መለኪያ ሁሉም አንድ አይደሉም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም ሆነ አዲስ የመኪና ሞተር ዘይት አትጨምሩ፤ እንዲህ ተቃጥሎ እንዲያልቅ አልተሠራም፣ ጥላሸቱም ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚኒሞ ላይ ረጅም ጊዜ ማቆየት ነው። ግንዱን ሲለኩ፣ ሲነጋገሩ መጋዙን እያንተከተኩ ማቆየት ማርሚታው ሳይግል ዘይት እንዲጠራቀምበት ያደርጋል። የማትቆርጡ ከሆነ አጥፉት።

ማርሚታውን ሳትፈቱ በፊት ግን ሰንሰለቱን እዩ። መጋዙ የሚያወጣው ሰጋቱራ እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ጥፋቱ የደነዘ ሰንሰለት ነው። ደህና የተሳለ ሰንሰለት ፍቅፋቂ ያወጣል። በደነዘ ሰንሰለት ሞተሩን የሚጫን ሰው ማርሚታውንም ሞተሩንም በከንቱ ይወቅሳል። በሥልጠና ወቅት «ደከመ» ተብለው ከመጡ መጋዞች ሰንሰለታቸውን በሞረድ ስለን ብቻ የመለስናቸው ጥቂት አይደሉም።

ማርሚታው ሲበሳ የሚሆነው

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ንጹሕ ማርሚታ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ቢበሳ ጭሱ ቶሎ ይወጣል፤ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ይጨምራል። የመጋዝ ሞተር ሙሉ ፍጥነቱ ላይ በደቂቃ ከ12,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ 200 ጊዜ ማለት ነው። ድምፁም ስለሚያይል ጉልበት የጨመረ ይመስላል። እውነት ለመናገር፣ በሙያው የበቁና ካርቦራቶሩን በመሣሪያ ለክተው የሚያስተካክሉ ሰዎች እንዲህ በማድረግ ትንሽ ጉልበት ያገኛሉ። ዋናው ነገር ያለው «አስተካክለው» የሚለው ላይ ነው።

በሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ሲጨምር ካርቦራቶሩ በነበረበት ከቀጠለ ቤንዚኑ አይበቃም፤ ድብልቁ ይሳሳል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሲነድ ይግላል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚህ ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ከምንጊዜውም በላይ በጋለበትና በፈጠነበት ሰዓት ከምንጊዜውም ያነሰ ዘይት ያገኛል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀት ያብጣል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፋቃል፣ ፋሻው በቦታው ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይይዛል። ፒስተንና ሲሊንደር መቀየር ደግሞ ከመጋዙ ዋጋ ብዙ የማይተናነስበት ጊዜ አለ፤ ዕቃው ከተገኘ።

አሳሳቹ ነገር መጋዙ ከመያዙ በፊት ባሉት ቀናት እጅግ ጥሩ መሥራቱ ነው። ድብልቁ እየሳሳ ሲሄድ ሞተሩ ይሾላል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ባለቤቱም «አየህ፣ መብሳቴ ጠቀመኝ» ይላል።

ሊማሊሞን የሚወርድ መጋዝ

ይህ ለእናንተ ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች በተለይ የሚያስፈልግ ነው። በሌላ አገር መመሪያ መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ታልፏል፤ እኛ ግን የምንኖረው በዚያ መስመር ላይ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ተነስቶ በገደሉ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። አየሩም በዚያው ልክ ይወፍራል። ደባርቅ ላይ አዋቂ ሰው የመጋዙን ካርቦራቶር ለደጋ ብሎ ቤንዚኑን ቀንሶለታል እንበል፤ ለደባርቅ ትክክል አድርጓል። ያንኑ መጋዝ ይዞ ለቆረጣ ሥራ ወደ ዛሪማ ወይም ወደ አዲ አርቃይ የወረደ ሰው ግን ብዙ አየር በጥቂት ቤንዚን ያስነዳል። በዚያ ላይ ማርሚታው የተበሳ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የቆላው ፀሐይ ከተጨመረ፣ መጋዙ ቀኑን መዋሉም ያጠራጥራል።

አንድ አርሶ አደር እንዲህ ያለ ፒስተን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢሮ ድረስ አምጥቶ አሳይቶኛል። በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች በሹል ነገር የተፋቀ ይመስላል፤ ሌላው ጎኑ ደህና ነው። በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎን መጀመሪያ የሚጎዳው ትኩሱ ጋዝ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ነው። «ደባርቅ ላይ እንደ ንብ ነበር የሚሠራው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንደ ንብ ነበር።

ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር አስቀድሞ ፍሬኑን ይፈትሻል። መጋዝ ይዞ የሚወርድ ሰው ደግሞ ካቻቢቴ ይያዝ። በካርቦራቶሩ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የማስተካከያ ቪቶች አሉ፤ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ለሙሉ ፍጥነት፣ «ኤል» የሚል ያለበት ለዝግታ ነው። ቪቱን ወደ ቀኝ መዝጋት ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ መክፈት ይጨምራል። ወደ ቆላ ስትወርዱ «ኤች»ን በጥቂቱ፣ ከአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል እያደረጋችሁ ወደ ግራ ክፈቱ፤ በየጊዜው ሞክሩት። ወደ ደጋ ስትመለሱ መልሱት። ቪቱ በፕላስቲክ የታገደ ከሆነ በጉልበት አታልፉት፤ መመሪያውን እዩ ወይም ባለሙያ ጠይቁ። በኤሌክትሮኒክስ ራሱን የሚያስተካክል መጋዝ ያላችሁ ይህ ጭንቀት የለባችሁም፤ ቪቱም የለውም።

ልኩን በጆሮ መለየት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ፣ ሰንሰለቱ የተሳለ ሆኖ፣ እንጨት ሳይነካ ቃታውን ለጥቂት ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ ስትስቡት ድምፁ ትንሽ ሻከር ብሎ የሚቆራረጥ መሆን አለበት፤ እንጨት ሲነካ ደግሞ ጥርት ይበል። እንጨት ሳይነካም ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ወዲያው ቃታውን ልቀቁ። እንጨት ሲነካም የሚንተባተብ ከሆነ በዝቶበታል። ካንዴላውም ይመሰክራል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወፍሯል።

ወንፊቱን አውጥቶ መጣል

አንዳንዶች ወንፊቱ ሲደፈን ማጽዳት ሰልችቷቸው ነቅለው ይጥሉታል። ይህን በተመለከተ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ አካባቢው ሰው ነው የምናገረው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳውን እሳት ታስታውሳላችሁ። ጓሳውና አስታው ሲነድ ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰነበተ፤ በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ያ እሳት ከመጋዝ ተነሳ ማለቴ አይደለም። በበጋ ደረቅ ሣር ላይ አንድ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ለማስታወስ ነው። ከማርሚታ የሚወጣው የጋለ የጥላሸት ፍንጣሪ እሳት ነው፤ ወንፊቱ የተሠራው እርሱን ለመያዝ ነው።

ማርሚታው ራሱም በሥራ ላይ እያለ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። የጋለ መጋዝ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ላይ አታስቀምጡ፤ ጠፍ መሬት ወይም ድንጋይ ፈልጉ። ቤንዚን የምትጨምሩት ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ከጨመራችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቃችሁ አስነሱት።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር ልበል። ለስምንት ሰዓት ሥራ ለጆሮ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጋዝ ድምፅ ማርሚታው ደህና ሆኖም ለሠራተኛው ጆሮ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ሲበሳ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የመስማት ጉዳት አያምም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ ግን አይመለስም። የጆሮ መከላከያ ያለ ሰበብ አድርጉ።

ማርሚታውን አጽድቶ መመለስ

በቆረጣ ወቅት በወር አንድ ጊዜ፣ ብዙ የምትሠሩ ከሆነ ከዚያም በቶሎ፣ ማርሚታውን ፍቱ። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላው ገመድም ይነቀል። መጀመሪያ ወንፊቱን አውጡ። ጥላሸቱ ደረቅ ከሆነ የሽቦ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ዘይት የያዘና የጠነከረ ከሆነ በከሰል ፍም ላይ በጉጠት ይዛችሁ ጥላሸቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ አግሉትና ሲቀዘቅዝ ቦርሹት። ከቤትና ከቤንዚን ርቃችሁ አድርጉት። ሽቦው ከተበጠሰ አዲስ ግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ማርሚታው ሲፈታ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑ ይታያል። ይህን ዕድል አትለፉት፤ ሞተሩን ሳትበትኑ ጤንነቱን የምታዩበት መስኮት ነው። ፒስተኑ ለስላሳና አንጸባራቂ ከሆነ ደህና ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጭረት ካያችሁ ሥራ አቁሙና ካርቦራቶሩን አስመርምሩ፤ በዚህ ደረጃ የተደረሰበት ሞተር ብዙ ጊዜ ይድናል። ቀዳዳው ራሱ ዳር ዳሩን በጥላሸት ከጠበበ፣ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ፒስተኑን ወደ ላይ አድርጉትና ቀዳዳውን እንዲደፍነው አድርጉ፤ ከዚያ በሾለ እንጨት ፋቁት። በብረት አትፋቁ፤ ፒስተኑን ይቧጭረዋል። ፍርፋሪውን እፍ ብላችሁ ሳታወጡ ፒስተኑን አታውርዱ።

ስትመልሱት በማርሚታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ጋስኬት አትርሱ። ከላላ ወይም ከተቀደደ ትኩሱ ጋዝ በጎን አምልጦ ሲሊንደሩን ያግላል፣ የመጋዙን ፕላስቲክም ያቀልጣል። የማርሚታ ብሎኖች በንዝረትና በሙቀት ይላላሉ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አጥብቋቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላም እንደገና ፈትሹ።

ማርሚታችሁን ቀድሞውኑ የበሳችሁ ሰዎች አትደብቁን። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዳዳውን በብየዳ ማስደፈን ወይም ማርሚታውን መቀየር፣ ከዚያም ካርቦራቶሩን እንደገና ማስተካከል ነው። ብየዳው ማርሚታው ከመጋዙ ላይ ተፈትቶ፣ ከቤንዚኑ ታንክ ርቆ ይሠራ።

ለመስክ ልምምዱ ስትመጡ መጋዛችሁን ከነሰንሰለቱ፣ የምትጠቀሙበትን ዘይት ከነጠርሙሱ፣ ቤንዚን የምትቀላቅሉበትንም መለኪያ ይዛችሁ ኑ። በምን እየለካችሁ እንደምትቀላቅሉ ማየት እንፈልጋለን። መጋዙ በጠዋት ሳይሠራ ቀዝቃዛ ሆኖ ይድረስ፤ መጀመሪያ የምንፈታው ማርሚታውን ነው።